ሲተዉት የሚተነፍስ

ሲቀላ መውጫ ላይ፣ የላንቴ መንገድ ሲጀምር፣ ዛሬም ያ ጎሚስታ አለ። ሰውየው ተቀይሯል፤ ሽታው ግን ያው ነው፦ የጋለ ላስቲክ፣ የቆመ ውሃ፣ ትንሽ ቤንዚን። ባለፈው ጥር ቤተሰብ ልጠይቅ ስሄድ ከአውቶቡስ የወረድኩት እዚያው ጋ ነበር። ወንድሜ ሚኪ የጓደኛውን ሞተር ይዞ ይጠብቀኛል። ከኋላው ተፈናጥጬ ልይዘው እጄን ስዘረጋ ሽታው አፍንጫዬን መታኝ። እጄ ጀርባው ጋ ሳይደርስ አየር ላይ ቀረ።

"ምነው፣ አትይዢኝም እንዴ?"

"ዝም ብለህ ንዳ" አልኩና የወንበሩን ብረት ያዝኩ። እኛ ቤት የሚኪን ጀርባ ማንም እንዲሁ ዘሎ አይነካም።

ነገሩን በቁርጥራጭ ሰምቶታል፤ ከዳር እስከ ዳር የነገረው ግን አልነበረም። ትልቅ ሰው ሆኗል፣ እንደ ድሮው በከረሜላ አይሸነገልም። ጭማቂ ቤት ይዞኝ ገባና ማንጎ አዝዞ "ዛሬ ትነግሪኛለሽ" ብሎ አፋጠጠኝ። ነገርኩት።

ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነው። ሴቻ፣ ከዳገቱ ላይ ባለው የከተማው ሰፈር፣ አከራያችን እማማ ዘነበች ግቢ ውስጥ እንኖራለን። አባዬና እማዬ ጎጃሜዎች ናቸው፤ አባዬ ፊዚክስ እንዲያስተምር ተመድቦ መጥቶ አገሩን ወዶ እዚያው ቀረ። ያን ክረምት ለትምህርት ሐዋሳ ሄዷል። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እማዬ፣ እኔ፣ እና ገና አንገቱን ያላጸናው ሚኪ ነን።

ያ ነገር የወጣው ሚኪ ጀርባ ላይ፣ ቀኝ ትከሻው ሥር ነው። ሳንቲም ያህላል፤ ከቆዳው ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ፊቱ የብርቱካን ልጣጭ ይመስላል። ቀለሙ ደግሞ የአባያ ሐይቅ ነው። ከሴቻ ዳገት ጫፍ ቁልቁል ሲያዩ ጫሞ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፤ አባያ ግን ጎርፍ እንደገባበት ሁልጊዜ ቡኒ ቀይ ነው። እማማ ዘነበች ወደዚያ እያዩ "እሷ ውሃ ልብ አላት" ይሉ ነበር። ልብ ያላት ውሃ ከሆነች አንዲት ጠብታዋ ዳገቱን ወጥታ፣ በመስኮት ገብታ፣ ወንድሜ ጀርባ ላይ መቀመጥ አያቅታትም ብዬ አመንኩ።

አመሻሽ ላይ እማዬ ሚኪን በሙቅ ውሃ ታጥበዋለች። ከዚያ እግሯን ዘርግታ፣ ጭኗ ላይ አስተኝታ፣ በለጋ ቅቤ ታሸዋለች። እጁን ደረቱ ላይ ታጣጥፋለች፣ እግሩን ትስባለች፣ ጀርባውን በአውራ ጣቷ ከላይ እስከ ታች ትገፋለች። አጥንቱ እንዲጸና፣ ወገቡ እንዲያምር ነው። እኔን እንደዚያ አሳድጋኛለች፤ እሷንም እናቷ። እማዬ እጅ ላይ ሕፃን ያዛጋል፣ ይስቃል፣ ይተኛል። የግቢው አራሶች ሁሉ "እጅሽ መድኃኒት ነው" ይሏት ነበር።

ሚኪ ግን በድንገት ዝም ይላል። ከጩኸቱ ይልቅ እኔን የሚያስፈራኝ ከጩኸቱ በፊት የሚመጣው ያ ዝምታ ነበር። ከእኛ ኋላ የቆመ ሰው ያየ ይመስል ዓይኑን አፍጥጦ ይቆያል። ከዚያ ፊቱ፣ አንገቱ፣ ደረቱ ባንዴ ደም ይመስላል። እማዬ ስታገላብጠው ያ ነገር ተነስቷል፤ አብጦ፣ ዙሪያው ቀልቶ፣ አንዳንዴም አናቱ ላይ ውሃ ቋጥሮ። ጩኸቱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

እማዬ ስም ልታወጣለት አልፈለገችም። ስም ያገኘ ነገር ቤት ይለምዳል ትላለች። "እንግዳው" ነበር የምትለው። "ድምፅሽን ቀንሺ፣ እንግዳው ተኝቷል።" "በሩን ቀስ አድርጊው፣ ይነቃል።" እኔም በጣቶቼ እየተራመድኩ፣ በሹክሹክታ እየተጫወትኩ ከረምኩ። በሌላ ጊዜ እንግዳ ሲመጣ ደስ ይለኝ ነበር፤ ለእኔም ጥሩ ወጥ ይደርሰኛል። የዚህኛው እንግዳ መኖር ግን ቤቱን ሁሉ ጆሮ አደረገው፤ ግድግዳው እንኳ የሚሰማን ይመስለኝ ነበር።

እማማ ዘነበች የካምባ ሰው፣ ጋሞ ናቸው። አማርኛቸው ወንድና ሴት አይለይም፤ እኔን "አንተ"፣ ሚኪን "እሷ" ይላሉ። አንድ ቀን እማዬ ጀርባውን ገልጣ አሳየቻቸው። ብዙ አዩት። ደጃፉን አልፈው አልገቡም።

"የሰብሌ እናት፣" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ይሄ ጎሜ ነው።"

ጎሜ በጋሞ ትልልቅ ሰዎች ዘንድ የዋዛ ቃል አይደለም። አንድ ሰው የማይነካውን ሲነካ፣ ወሰን ሲገፋ፣ ከተጣላው ሳይታረቅ ሲኖር፣ ጥፋቱ ተደብቆ ይቆይና በልጅ ላይ ወይም በከብት ላይ ሕመም ሆኖ ይወጣል። አጥፊው ተፈልጎ፣ ተናግሮ፣ ሲታረቅ ነው የሚለቀው። እማማ ዘነበች እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት የሚሄዱ፣ መዝሙር የሚያወጡ ሴት ናቸው፤ ጎሜን ግን አይቀልዱበትም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ኋላ ነው። ያኔ የሰማሁት "ይሄ ጎማ ነው" የሚል ነበር።

ወይ ልጅነት! ግን እስቲ ፍረዱኝ። ቆዳው ላስቲክ ይመስላል። ሲያሹት ይነፋል። ታዲያ ጎማ ካልሆነ ምንድነው? ሰፈራችን ውስጥ ጎማ ሲነፋ ቆሜ የማየት አመል ነበረኝ፤ ቀዳዳ ሲፈለግ የውስጡን ጎማ ሳፋ ውስጥ ነክረው አረፋ እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሚኪ ሲታጠብ ሳፋው ላይ አፍጥጬ እቀመጣለሁ። አንድ ቀን አንዲት አረፋ ከሥሩ ብቅ ብላ ጠፋች። ሕፃን ነውና ከየት እንደመጣች ዛሬ እገምታለሁ፤ ያኔ ግን ከሳፋው ሸሸሁ። ጎማ ከሆነ ከመጠን በላይ ሲነፋ ይፈነዳል። ደግሞስ ማን ነው የሚነፋው? ቤቱ ውስጥ ከእኛ በቀር ማንም የለም።

እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ያመጣችውን እምነት በጸበል ለውሳ፣ በስመአብ ብላ፣ ቦታው ላይ መስቀል እየሠራች አሸችው። ወዲያው ተነሳ። "በስመአብ! አወቀው እኮ!" ብላ እጇን ሰበሰበች። መንፈስ ባይሆን ኖሮ ከጸበል ጋር ምን ያጣላዋል? እማማ ዘነበች ደግሞ ሰምተው ከነጸሎታቸው መጡ። መዳፋቸውን ዘይት ቀብተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በጋሞኛ እየጸለዩ አሹት። ተነሳ። "ሰማች" አሉና ወደ ኋላ አፈገፈጉ። አንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሰው ጭርት ነው ብሎ ቅባት ሰጥቶ "በደንብ እያሸሽ ቀቢው" አላት። አሸችው። ከሁሉም የባሰ ያን ዕለት ተነሳ። ሁሉም ያሉት ትክክል እየሆነ ይታይ ነበር፤ ምናለ አንዳቸው እንኳ ቢሳሳቱ ብዬ እመኝ ነበር።

ነገሩን ያባባሰችው የእኔ አንዲት ቃል ናት። መብራት የጠፋበት ምሽት ነው። እማዬ ሚኪን አሽታ፣ እንግዳው ተነስቶ፣ ልጁ አልቅሶ ደክሞት በሆዱ ተኝቷል። "ዓይንሽን ከሱ እንዳትነቅዪ" ብላኝ ከሰል ልታቀጣጥል ወጣች። ሻማውን አስጠግቼ አየሁት። ማንም አልነካውም። ያ ያበጠው ነገር ቀስ፣ ቀስ እያለ ዝቅ አለ፤ መቅላቱ ሸሸ፤ መጨረሻ ላይ እንደ ጠዋቱ ጠፍጣፋ ሆነ። ደስ አለኝ። አይፈነዳም ማለት ነው! ወደ በሩ ሮጬ፦

"እማዬ! እንግዳው ይተነፍሳል!"

የከሰል ማራገቢያው ከእማዬ እጅ ወደቀ። "ምን አልሽ?"

"ይተነፍሳል። በዓይኔ አየሁት። ሲተዉት ይተነፍሳል።"

ጎማ ይተነፍሳል አይደል እንዴ የምንለው? እኔ ያልኩት ያንን ነው። እማዬ የሰማችው ሌላ ነው። ገባች፣ ተንበረከከች፣ ጆሮዋን ሚኪ ጀርባ ላይ፣ ልክ እዚያ ቦታ ላይ አስደገፈች። ሻማው ግድግዳው ላይ ጥላዋን እያወዛወዘው ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ የእናቴን ፊት አይመስልም ነበር።

"እውነትሽን ነው" አለች። "ሰማሁት።"

የሰማችው የገዛ ልጇን ትንፋሽ ነው። ግን ማን ይንገራት? አባዬ ስልኩ አይሰራም፣ እኔም ምን እንደተናገርኩ አላውቅም። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንደሚባለው፣ በማግስቱ ላንቴ ውስጥ ሙዝ እርሻ መሃል የሚኖሩ፣ እጢ የሚያጠፉ አንድ ሽማግሌ እንዳሉ አጠያይቃ መጣች። "ቅዳሜ ይተኮሳል" አለች። "ሕይወት ካለው በእሳት እንጂ አይወጣም። እኛም አገር እንደዚያ ነው።"

ይተኮሳል! የሚተኮስ ነገር እኔ ሁለት አውቃለሁ፤ አንዱ በጠመንጃ፣ አንዱ በካውያ። አባዬ ሸሚዙን ሲተኩስ ካውያው የሚያወጣው ጭስ ትዝ አለኝ። ጎማ ደግሞ በጋለ ነገር ሲነካ ምን እንደሚሆን ማንም ያውቃል። ሚኪ ሊፈነዳ ነው! አለቀስኩ፣ ምግብ እምቢ አልኩ። እማዬ ያለቀስኩት ስለገባኝ መሰላት፤ አብራኝ አለቀሰች።

እማማ ዘነበች ብቻ ተቆጡ። "ጎሜ በብረት አይወጣም! እሷን ልጅ ትገድላለህ!" ብለው በሩ ላይ ቆሙ።

"እትዬ፣ ታዲያ ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ሲበላብኝ ልየው?" አለች እማዬ።

ሽማግሌው፣ እስከ ቅዳሜ ገላው እንዳይታጠብ፣ ቅቤም እንዳይነካው አዝዘው ነበር። ቤቱ ዝም አለ። እንግዳውም ዝም አለ። ተደብቆ ነው፣ ፈርቶ ነው ብላ እማዬ የባሰ ጠረጠረችው።

ቅዳሜ ጠዋት ሚኪን አዝላ፣ እኔን ይዛ ባጃጅ ተሳፈርን። ጉም ሐይቆቹን ውጦ ከሴቻ ወደ ሲቀላ የሚወርደው መንገድ ባዶ ገደል ውስጥ የሚገባ ይመስል ነበር። ዝንጀሮዎች አስፋልቱ ዳር ተቀምጠው አንድ በአንድ እያዩን አለፍን፤ አንደኛዋ ልጇን አቅፋ፣ ፀጉሩን በጣቷ እየከፈለች ትዳስሳለች። እማዬ ፊቷን አዞረች።

ሲቀላን ጨርሰን ላንቴ መንገድ ልንገባ ስንል ባጃጁ ወደ አንድ ጎን ዘመመ። ሾፌሩ ወርዶ አየና ተሳደበ።

"እናት፣ ትንሽ ውረዱልኝ። ጎማው ተነፍሷል።"

እማዬ ክው አለች። እኔ ደግሞ ከዚያ ሁሉ ቀን በኋላ የሚገባኝ ቃል ስሰማ ደስ ብሎኝ "ልክ እንደ ሚኪ ጎማ!" አልኩ።

"ምን?"

"እንደ ሚኪ ጎማ። እማማ ዘነበች ጎማ ነው አሉ አይደል? ስታሺው ይነፋል፣ ስትተዪው ይተነፍሳል።"

እማዬ ሾፌሩን አየች። የተነፈሰውን ጎማ አየች። ከዚያ እኔን አየችኝ፤ እንደዚያ ያለ አስተያየት ከዚያ በፊትም በኋላም አይቼባት አላውቅም። "እንደዚህ ማለትሽ ነበር? ይተነፍሳል ያልሽኝ... እንደዚህ?"

"አዎ። እና ምን መሰለሽ?"

ጎሚስታው ደጃፍ የተደረደሩ አሮጌ ጎማዎች ላይ ተቀመጠች። ሚኪን ከጀርባዋ አውርዳ በሆዱ ጭኗ ላይ አስተኛችው፤ ልብሱን ገለጠች። ጠፍጣፋ ነው፤ ቡኒ ነጥብ ብቻ። አውራ ጣቷን በቀሚሷ ጠረገች። ጸበል የለም፣ ዘይት የለም፣ ቅቤ የለም፣ ጸሎትም አላደረገችም። ባዶ ጣቷን ቦታው ላይ አስቀምጣ ማታ ማታ እንደምታሸው ገፋ፣ ገፋ አደረገችና አነሳች።

ጠበቅን። ጎሚስታው ምን እንደምናይ ሳያውቅ መንፊያውን አጥፍቶ አንገቱን አሰገገ። ላስቲክ ሊለጥፍበት ያጋለው ብረት ይጨሳል። ሚኪ ዝም አለ፤ ያ ዝምታ መጣ። ዓይኑን አፈጠጠ። ነጥቡም ቀላ፣ ወፈረ፣ ቀስ ብሎ ከቆዳው ላይ ተነሳ። ጎሚስታው አማተበ።

እማዬ አውራ ጣቷን ወደ ዓይኗ አቅርባ የሌላ ሰው ጣት ይመስል አገላብጣ አየችው።

"እጄ ነው" አለች። "ሰብልዬ፣ እጄ ነው።"

ማን ነው የሚነፋው እያልኩ ስፈራ ከርሜ፣ መልሱ እማዬ ሆነች። እውነቱን ልናገር፤ በዚያች ሰዓት እናቴን ፈራኋት። ከአጠገቧ አንድ ጎማ ራቅ ብዬ ተቀመጥኩ። እሷም አየችኝ፤ ነይ አላለችኝም፤ እጇን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀች።

ባጃጁ ሲጠገን ሾፌሩ "ላንቴ እንቀጥል?" አለ። "መልሰን" አለች።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታል ሄድን። የቆዳ ሐኪሟ በጣም ወጣት ናት፤ እማዬ በሹክሹክታ "ይቺ ልጅ ናት ዶክተሯ?" አለችኝ። ሆኖም ሁሉንም ነገረቻት፤ ቅቤውን፣ እምነቱን፣ ዘይቱን፣ ቅባቱን፣ መንገዱ ላይ ያየነውን። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን ገልብጣ በጀርባው በኩል ነጥቡን ጥቂት ፈተገችና ቁጭ ብላ ጠበቀች። ተነሳ። እሱን አይቶ ፈገግ ያለ ሰው ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁ።

"እናት፣ ምርመራውን እርስዎ መንገድ ላይ ጨርሰው ነው የመጡት" አለች። "እጢ ነው።" እማዬ የወንበሩን ጠርዝ ጨበጠች። "ግን ካንሰር አይደለም። ብዙ የማይገጥመን የሕፃናት የቆዳ እጢ ነው። ሰውነታችን ውስጥ እንደ ዘበኛ የሚጠብቁ ሴሎች አሉ። እሱ ጋ ብዙዎቹ አንድ ቦታ ተሰብስበው ሰፍረዋል። ሲታሹ፣ ሲሞቃቸው፣ ሌባ የመጣ ይመስላቸውና ባንዴ ይጮኻሉ። ማበጡ፣ መቅላቱ የእነሱ ጩኸት ነው። ማን እንደነካቸው አያውቁም፤ ቄስም ይንካቸው፣ እኔም ልንካቸው፣ ለእነሱ አንድ ነው።"

እማዬ "ቢተኮስስ ኖሮ?" አለች።

ዶክተሯ ፈገግታዋን ተወች። "እንኳን አልተተኮሰ። ሁሉም ባንዴ ቢጮኹ ይሄ ትንሽ ልጅ አይችለውም። ትንፋሹን ሊያሳጣው ይችል ነበር።"

ለማረጋገጥ ብላ ቦታውን አደንዝዛ ከሥጋው ቅንጣት ናሙና ወስዳ ወደ አዲስ አበባ ላከች። የወንድሜ ቁራጭ በብልቃጥ ሆና በአውቶቡስ ለብቻዋ መሄዷ፣ መንገዱ ባንገጫገጫት ቁጥር መንቃቷ እንቅልፍ ይነሳኝ ነበር። መልሱ ሲመጣ አባዬ ተመልሷል፤ ዶክተሯ ያለችው ራሱ ነው። ሽሮፕ አዘዘች፣ ለብ ባለ ውሃ ብቻ ይታጠብ አለች፣ ፊቱ ቢያብጥ ወይም ትንፋሹ ቢቆራረጥ ሩጡ አለች። ዋናው መድኃኒት ግን ሌላ ነበር።

"እንዳያሹት። በራሱ ጊዜ፣ ከፍ ሲል፣ ይጠፋል።"

እማማ ዘነበች ይህን ሲሰሙ እጃቸውን አጨበጨቡ። "አለመንካት? መድኃኒቷ አለመንካት ነው? ታዲያ ጎሜ ማለት ምን መሰለህ፣ የማይነካ አይደለም ወይ! እኔ ምን አልኩ!" ማን ይከራከራቸዋል? አባዬ እንኳ ፊዚክሱን ትቶ ወንበር ሳበላቸው።

የዚያ ክረምት የቀረው እንዲህ አለፈ። ጩኸት ጠፋ፤ ሳቅም ጠፋ። አመሻሽ ላይ እማዬ ሚኪ ላይ ለብ ያለ ውሃ ታፈሳለች፣ በፎጣ ጠብ ጠብ ታደርገዋለች፣ ከዚያ ጭኗ ላይ አስተኝታው እጆቿን አየር ላይ ይዛ ትቀመጣለች። ሚኪ አንገቱን አዙሮ ይጠብቃታል። እጅ እንደሚመጣ ለምዷላ! እሷ ከላዩ ላይ፣ ሳትነካው፣ አየሩን ታሸው ነበር፤ ከትከሻው እስከ ወገቡ። ማታ በር ከፍቶ ያያት ሰው ምን ሊላት እንደሚችል አስባለሁ። እኔን ግን ከዚያ ወዲህ አላስፈራችኝም፤ አንጀቴን ነበር የምትበላው።

ሚኪ ጭማቂውን ሳይነካው ወሬዬን ጨረስኩ። "አየሩን?" አለኝ። "አየሩን" አልኩት። ሞተሩን አስነስቶ ወደ ሴቻ ነዳ።

እማዬ በር ላይ ናት። እኔን ጨምቃ ሳመችኝ። እሱንም፣ ጠዋት የተለያዩ አይመስልም፣ አቀፈችው፤ ቀኝ እጇ እንደ ልማዷ ትከሻው ሥር ሲደርስ ተነስቶ አየር ላይ ቀረ። ነጥቡ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነው፤ እጇ ግን አልሰማም።

ሚኪ እጁን ወደ ኋላ ዘርግቶ እጇን ያዘና ቦታው ላይ አስቀመጠው። ልትነጥቀው ታገለች። "ተው! ተው ልጄ!" አለች። አልለቀቃትም። አጥብቆ ይዞ አሻሸው፤ በእሷ አውራ ጣት፣ ገፋ፣ ገፋ።

"ተነፍሷል እኮ፣ እማዬ።"

እንደ ድሮው ሦስታችንም ጠበቅን። እሱ ዝም አለ። እሷ ዓይኗን ጨፈነች። እኔ ሸሚዙን ገልጬ አየሁ፤ ጀርባ ብቻ ነው፣ ላብ የነካው የወንድሜ ጀርባ። ምንም አልተነሳም።

"የለም" አልኳት።

ያኔ እማዬ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጥላ ተነፈሰች።